«አንቺ» በይ

ነገሩ የጀመረው አክስቴ «አንተ» ብላኝ አባቴ ዝም ያለ ዕለት ነው።

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ከትውልድ አገራቸው ከገሱባ መጥታ አብራን መኖር ከጀመረች ወዲህ አንድም ቀን «አንቺ» ብላኝ አታውቅም። በወላይትኛ ወንድም ሴትም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው፤ «ኔኒ» ነው፣ አለቀ። አማርኛ ምረጪ ሲላት የቀረባትን ታነሳለች። «አንተ፣ ቦዬው በስሏል፣ ና ብላ» ትለኛለች፣ ቀሚስ ለብሼ ፊቷ ቆሜ። እኔ ለምጄዋለሁ። አባቴ ግን መኝታ ቤት ሆኖ እንኳ አያልፋትም ነበር፤ «አንቺ በይ!» ይላል፣ በዚያ አገር ባስፈራ ድምፁ። ያን ቀን የቦዬውን ሥር በዳጣው በርበሬ እያጠቀሰ ዝም አለ። ያልሰማ መስሎኝ ነበር። ሰምቷል፤ ስህተቱ አልታየውም።

አባቴ ተዋናይ ነበር። ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ዳኛ ሆኖ ነው የኖረው። ድራማው ዳኛ ካስፈለገው እሱ ነው፤ ፊልም መጣ፣ እሱም ካባውን ይዞ ፊልም ገባ። ሶዶ ውስጥ አብረን ስንሄድ የባጃጅ ሹፌሮች «ክቡር ፍርድ ቤት!» እያሉ ጥሩንባ ይነፉለታል፤ እሱም ምሕረት እንደሚያደርግ ሰው እጁን ያነሳላቸዋል። በጣም ደስ ይለው ነበር።

ዳኛ ከመሆኑ በፊት ግን መሳቂያ ነበር። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እየሳቀም አልነበረም። አዲስ አበባ እንደገባ፣ በመጀመሪያው ልምምድ፣ የፍቅረኛ ቦታ ተሰጠው። የተዋናይቷን እጅ ይዞ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «እወድሃለሁ» አላት። አዳራሹ አውካካ። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ጋዜጣ ሁሉ መስተዋት ፊት ጮክ ብሎ እያነበበ ምላሱን ገራው። የጎንደር ሰው ነው ብለው የሚከራከሩ ነበሩ፤ አላስተባበለም።

ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ወላይትኛ ተነግሮ አያውቅም፤ «የልጄን አፍ እንዳታበላሹብኝ» እያለ ዘመዶቹን እንኳ በአማርኛ ያስተናግዳቸው ነበር። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ነፍሷን ይማረውና፣ አልተከራከረችውም። ለሥራ ሶዶ ተመድቤ እሱም በጡረታው ተከትሎኝ ሲመጣ፣ ከገበያ ቃላት በቀር የአባቴን ቋንቋ አላውቅም ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ዝምታ በኋላ አማርኛው እንደ አሮጌ ግድግዳ ጭቃ ይረግፍ ጀመር። መጀመሪያ የዕቃ ስሞች ጠፉት። ቀጥሎ ከአክስቴ ጋር በወላይትኛ ሲንሾካሾክ አገኘው ጀመር። ሐኪሙ፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ትሑት ወጣት፣ «የመርሳት በሽታ ነው» አለኝ። «አንዳንዱ ሰው ኋላ የተማረው ቋንቋ ቀድሞ ይሄድበታል።» የቀረውን ራሴ ጨረስኩት፤ አባቴ ተመልሶ ወላይትኛው ውስጥ እየገባ ነው፤ በሩን ደግሞ በልጅነቴ ዘግቶብኛል።

በዚህ መሃል የፊልም ልጆች ቤታችን መጡ። እዚሁ ሶዶ ለሚቀርፁት ፊልም ዳኛ ፈልገዋል፤ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። እምቢ ልል አፌን ስከፍት አባቴ ካባ የሚደርብ ይመስል ትከሻውን አስተካከለ። አክስቴ «ተው፣ ይቅርበት» አለችኝ። ይቅርብህ ልለው አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ አስጠናሁት፦ «አንቺ ሴት፣ የምትናገሪው አለሽ?» ጠዋት ዓረፍተ ነገሯን ይዞ ይነሳል፤ ከምሳ በኋላ የለችም።

የቀረፃው ቀን ካባውን አለበሱት። ተከሳሽ የሆነችው ተዋናይት ፊቱ ቆመች። ቀና ሲል ያው የድሮው ዳኛ ነው፤ ካሜራ የያዘው ልጅ ሌንሱን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

«አንተ ሴት» አለ። «የምትናገረው አለህ?»

ልጆቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሽማግሌው የቀለደ መስሏቸው ነው። እሱ ግን ያንን ሳቅ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ልምምድ ፊቱ ላይ ሲመለስ አየሁት። እንደገና ሞከረ፤ ያው። ካባውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ስንመለስ የባጃጁ ሹፌር «ክቡር ፍርድ ቤት!» አለው። እጁን አላነሳለትም።

ቤት ገብቶ አክስቴ አጠገብ ተቀመጠ። ጫማውን ላወልቅለት ጎንበስ ስል አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝና፣ «ኔኒ ኦኔ?» አለኝ።

ይህን ያህል አውቃለሁ። ማን ነሽ? ማለቱ ነው። ወይም ማን ነህ፤ አሁን ለእሱ ያው ነው።

«ልጅህ ነኝ፣ አባዬ» አልኩት በአማርኛ። ሌላ ቋንቋ የለኝም።

ለእንግዳ የሚሰጠውን ፈገግታ ሰጠኝ፤ ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሮ በወላይትኛ ተናገረ። አክስቴ አቀረቀረች።

«ምን አለ?»

«ተው፣ ይቅርብህ።»

«ንገሪኝ!»

«‹አማርኛህ ጎበዝ ነው፤ የማን ልጅ ነህ?› ይልሃል» አለችኝ።

«አንቺ በይ!» ብዬ ጮህኩባት፣ በእሱ ድምፅ።