ቀዩን ሰማያዊ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን ሁሉ ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው ኖሬያለሁ። ለእናንተ መንገር የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ታደለ የሒሳብ መምህር ነበር። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ኮልፌ የተከራየናት ቤት ሳሎን ወለሏ ሁልጊዜ በካርቶን እንደተሸፈነ ነበር። ካርቶኖቹ እኩል የተቆረጡ አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ አራቱም ጠርዛቸው የተለያየ ቀለም ተቀብቷል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ እንጂ ከሌላ አይጎራበትም። ታደለ የሚፈልገው፣ በዚህ ሕግ ወለሉን ያለ ክፍተት የሚሞሉ፣ ንድፋቸው ግን ማንም እንዴት አድርጎ ቢደረድራቸው መቼም ራሱን የማይደግም ጥቂት ዓይነት ካርቶኖች ነበር። ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት በብዙ ዓይነት ችለውታል፤ እሱ በጥቂቱ እንዳገኘው ያምን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩት መምህሩ ሊያሳያቸው ተዘጋጅቷል። እኔም ስለምወደው ለዓመታት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ተራመድኩለት።

ከዚያ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰኝ። ታደለ ለፈተና እርማት ከከተማ ወጥቷል። ማኅበርተኞቼን ካርቶን ላይ ላስቀምጣቸው? ሁሉንም አነሳሁ። እንግዶቼ ሲሄዱ መልሼ ልደረድር ተንበረከክሁ፤ እንዴት እንደነበረ ግን ጠፋኝ። እኔ ጥልፍ ጠላፊ ነኝ፤ እጄ የሚያውቀው አንዱን አበባ ጨርሶ ያንኑ አበባ ከጎኑ መድገም ነው። እንደዚያው አደረግሁ። አልገጥም ያለኝ ቦታ ላይ የሱን ቀለም አንስቼ ቀዩን ሰማያዊ አደረግሁት። እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ሲያልቅ እንዲያውም ከሱ ድርደራ አምሮ ታየኝ።

ታደለ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ ዓይነት ንድፍ፣ ጎን ለጎን፣ ላይና ታች። ተንበርክኮ ቀለሞቹ መግጠማቸውን አንድ በአንድ አየ። ካርቶኖቹ እሱ እንደቀባቸው መሆን አለመሆናቸውን ግን አልመረመረም። ሚስቱን ለምን ይጠርጥር?

«አስካል፣ አንዴ ከተደገመ እኮ እስከ ዘላለም መደገም ይችላል። አለቀልኝ» አለ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ቀጥሎ ግን ሳቀና ግንባሬን ሳመኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ያላየሁትን አንቺ እንዴት አየሽው?»

ያኔ ለምን አልነገርኩትም? ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጭንቅላቴን ያመሰገነልኝ ሰው አልነበረም። ከታደለ አፍ ሲሆን ደግሞ ጣፈጠኝ። ጣፈጠኝና ዋጥኩት።

ካርቶኖቹን ለልጆቻችን መጫወቻ ሰጣቸው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ውስጥ አለቁ። መምህሩም ዘንድ ሳይሄድ ቀረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የዚህ ቤት የሒሳብ ሊቅ እሷ ናት» ይል ነበር፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ፈገግ እል ነበር። አንድ ቀን እንኳ በምሬት አላነሳውም። ቢያነሳው ኖሮስ እናገር ነበር? አይመስለኝም።

ታደለ ካረፈ ቆየ። ያገኘው ነገር ልክ ይሁን ስህተት ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እኔ አጥፍቼዋለሁና። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሱ ግን እንደተሸነፈ አምኖ ሞተ፤ ያሸነፍኩት እኔ በመሆኔም ደስ እያለው።