ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት

ዛሬም ርችት ሲተኮስ ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ አምስት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ሽቅብ ስለሚወረወር ነገር ሳስተምር ጠመኔ ወደ ላይ እወረውራለሁ። ጠመኔው እየደከመ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይወርዳል። መሬት መሳቧን ለአፍታም አታቆምም። ይህ ያልገባው ተማሪ አልነበረኝም።

የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂዎች ግን ደስ ባላቸው ቁጥር ወደ ሰማይ ይተኩሱ ነበር። አንድ የበዓል ቀን ከሰልፍ ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው አንጣጡት። እናቴ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለው ቤታችን ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጥይቱ ቆርቆሮውን በስቶ ትከሻዋ ውስጥ ገባ። ሐኪም አወጣላት፤ ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ ነጠላዋን እንኳ ማንሳት አቃተው።

ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት አይቻልም። ዝናቡ አልጋዋ ላይ ሲንጠባጠብ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ቆርቆሮው ይቀየር፣ ተኩሱም ይቁም አልኩት።

«ቆርቆሮው ዝጎ ነው» አለኝ።

«እናቴንስ የመታት ዝገት ነው?»

«ስሚ ጓዲት፣ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት እዚያው በኖ ይቀራል። የአብዮት ጠባቂዎችን ስም አታጥፊ።»

ንድድ አለኝ። ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ ወደ ላይ ወረወርኩት፤ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተሰበረ።

«ጠመኔና ጥይት አንድ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የቆሙት ጠባቂዎችም አብረውት ሳቁ። ጥይት ሲመለስ አየር ቢያዘገየውም ሥጋ የሚበሳበት ጉልበት እንደሚተርፈው ላስረዳ ስጀምር አንዱ በጠመንጃው ወደ በሩ አመለከተኝ። እናቴ ሌላ ልጅ የላትም፤ ትቼው ወጣሁ።

በሚቀጥለው በዓል ቀበሌው በሙሉ ፒያሳ አደባባይ ላይ እንዲቆም ታዘዘ። እናቴም መቅረት አይቻልም ተብላ አጠገቤ ቆማለች። ሊቀመንበሩ መፈክሩን አሰምቶ ሲጨርስ ጠባቂዎቹ አፈሙዛቸውን ወደ ላይ አነሱ። ቦርሳዬን እናቴ ራስ ላይ ደፋሁት። ያኔ ሊቀመንበሩን አየሁት። እያጨበጨበ፣ ወደ ኋላ ኋላ እያለ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ስር ገባ። በላዩ ወፍራም የሲሚንቶ ጣሪያ ነበር።

ተኩሱ ካበቃም በኋላ ቶሎ አልወጣም። ጥይቶቹ እስኪመለሱ ይጠብቅ ነበር።