የካናዳ ልብ ወለድና የእትዬ የሺ የቤት ውል

ዓርብ ጠዋት፣ ከዴንሃግ

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዤ ሙርዋይክ ሰፈር ከሚገኘው የኪራይ ክፍሌ ወጣሁ። ዴንሃግ የመጣሁት ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው። የምጽፈው ስለ ካናዳ ሴት ደራስያን ልብ ወለዶች ነበር፤ በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ሴት ሥልጣን የምታገኘው እንዴት እንደሆነ፣ «ቤቴ» የምትለውስ የትኛውን ቦታ እንደሆነ። አምስተርዳም ያለ አንድ የሴቶች የንባብ ማኅበር ቅዳሜ ከሰዓት ንግግር እንዳደርግ ጋብዞኛል። የምናገርበትን ዋናውን ልብ ወለድ ግን በእጄ አልያዝኩትም። ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አንብቤ መልሼዋለሁ፤ አሁን ሌላ ሰው ወስዶታል። ሮተርዳም ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ አላቸው ስለተባልኩ መንገዴን በዚያ በኩል አደረግሁ።

ትራሙ በስኪልደርስዋይክ ሰፈር ሲያልፍ ባለሱቆቹ የናና እስርና የወይራ በርሜል ወደ ደጅ ያወጡ ነበር። ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። ከዴልፍት ወዲያ ቲማቲም የሚበቅልባቸው የመስታወት ቤቶች ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ያጭበረብራሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሮተርዳም ደረስኩ።

ሮተርዳም

ሮተርዳም በጦርነቱ ጊዜ መሀሉ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ከተማ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ነፋሱም እንደ ልቡ ይሮጥበታል። ከአንድ ጋሪ ላይ ሽንኩርት የተነሰነሰበት ጥሬ ሄሪንግ በሁለት ጊልደር ተኩል ገዛሁ። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። ዓሣውን የአገሩ ሰው እንደሚያደርገው በጭራው ይዤ አንጋጥጬ ልበላ ስሞክር ግማሹ ሽንኩርት አንገት ልብሴ ላይ ቀረ።

መጽሐፍ ሻጯ መቭራው ኮሪ፣ በእኛ አባባል ወይዘሮ ኮሪ፣ ይባላሉ። ሰባ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም፤ እጃቸው የገበሬ እጅ ነው። የፈለግሁትን ስነግራቸው ወደ መደርደሪያው ሳይሆን ወደ ጓዳቸው ገቡና ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ይዘው ወጡ። መጽሐፉ የራሳቸው ነበር፤ በየኅዳጉ በእርሳስ ጽፈውበታል። ከጦርነቱ በኋላ ከባላቸው ጋር ወደ ካናዳ ተሰደው ሃያ አምስት ዓመት ስንዴ ሲያመርቱ ኖረዋል። ባላቸው ሲሞቱ ተመለሱ።

«እዚያ ሳለሁ ሆላንዳዊቷ ነበርኩ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «እዚህ ደግሞ ካናዳዊቷ ይሉኛል። በስሜ የምትጠራኝ ላሜ ብቻ ነበረች ብዬ እቀልዳለሁ።»

መጽሐፉን አልሸጥም አሉ። ይልቅ አንብቢበትና በፖስታ መልሽልኝ ብለው በቡናማ ወረቀት ጠቀለሉልኝ። አድራሻዬን እንኳን አልጠየቁኝም።

ወደ አምስተርዳም

የከሰዓቱ ባቡር በላይደንና በሃርለም በኩል ሄደ። በመካከሉ ያለው የአበባ ማሳ ቀዩ ለብቻው፣ ቢጫው ለብቻው ተሰምሮ እንደ ተዘረጋ ጥለት ይታያል። እኔ ግን ግማሹን መንገድ አንገቴን ደፍቼ የመቭራው ኮሪን የእርሳስ ጽሑፍ ሳነብ ነው የጨረስኩት። ጀግናዋ ባሏን ጥላ ልትሄድ ስታስብ የሚለው ገጽ ኅዳግ ላይ «ወዴት?» ብለው ጽፈዋል።

አምስተርዳም ከማዕከላዊው ጣቢያ ጀርባ በነፃ የምታሻግር ጀልባ አለች። ብስክሌተኛውም እግረኛውም ተጠጋግቶ ቆሞ በጥቂት ደቂቃ ከውኃው ማዶ ካለው ኖርድ ሰፈር ይደርሳል። እዚያ የማድረው እትዬ የሺ ዘንድ ነበር። እትዬ የሺ የእናቴ የሰፈር ልጅ ናቸው። ከታናሽ ወንድማቸው ከጋሽ መኰንን ጋር በስደት መጥተው፣ ሚስቱ ስለሞተችበት ሁለት ሴት ልጆቹን አሳድገው ለዩኒቨርሲቲ አብቅተዋል። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ያጸዳሉ። ጋሽ መኰንን ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። በሩ ላይ የተጻፈው ስም የሱ ብቻ ነው።

ያን ዕለት እራት ላይ ጋሽ መኰንን በበጋው አዲስ ሙሽራ ከአገር ቤት እንደምትመጣለት ደስ ብሎት ነገረኝ። እትዬ የሺም መረቁት። ሩዙን ሲያወጡልኝ ግን ሁለቴ ከሰሃኑ ውጭ አፈሰሱት።

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ እትዬ የሺ ስለምናገርበት ልብ ወለድ ጠየቁኝ። እኔም ተረኩላቸው። ሴትዮዋ በሰፊው ሜዳ ላይ ወዳለ እርሻ በሙሽርነት ትመጣለች። ሠላሳ ዓመት ታልባለች፣ ታርሳለች፣ ሴቶች ልጆች ትወልዳለች። ባሏ ሲታመም እርሻው ለወንድሙ ልጅ እንዲተላለፍ በወንዶቹ መካከል ይወሰናል። ማንም አያባርራትም፤ ማንም ግን አይጠይቃትም። በመጨረሻ ጥላ ትሄዳለች። የኔም ጥናት የሚለው ይህንን ነው፤ ሥልጣኗን ያገኘችው በወጣች ቀን ነው።

እትዬ የሺ ዳቦውን አስቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት የለፋችበትን ጥላ መሄዷን ነው ሥልጣን የምትይው?»

 ከዚያ ቤቱ በማን ስም እንደነበረ ጠየቁኝ። በባሏ ስም ነው አልኳቸው። ተነሥተው ሰሃን አጠቡ።

ከሰዓት አብረውኝ መጡ። ከአንድ የመጻሕፍት መደብር ፎቅ ላይ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበው ነበር። ንግግሬን ደህና አድርጌ ተወጣሁት፤ አጨበጨቡልኝም። ግን «ወጣች፤ ነፃም ሆነች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስደርስበት ሳላነበው ዘለልኩት። እትዬ የሺ ከኋላ ወንበር ቦርሳቸውን ታቅፈው ያዩኝ ነበር።

እሑድ

ምሳ ላይ የዶሮ አልጫ በሩዝ ቀረበ። እትዬ የሺ ለወንድማቸው ብልት አወጡለትና ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«መኰንን፣ ቅር እንዳይልህ። ስሜ ከቤቱ ውል ላይ ይግባልኝ።»

ጋሽ መኰንን ማንኪያውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ያስወጣኛል ብለሽ ነው?»

«አታስወጣኝም፤ አውቃለሁ። አያስወጣኝም እያልኩ መኖር ግን ደከመኝ።»

ተነሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ።  በተረቴ የሰው ቤት የበጠበጥኩ መሰለኝ፤ ሻንጣዬን አንሥቼ ብሄድ በወደድኩ። እትዬ የሺ ግን ተቀምጠው መብላት ጀመሩ። 

ጋሽ መኰንን ሲመለስ ከቁም ሣጥን ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣና ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ልጆቼን ያሳደግሽው አንቺ፣ ውሉ ላይ የሰፈረው ግን የኔ ስም ብቻ። ስምንት ዓመት ሙሉ አላየሁትም» አለ። ከዚያ ነገ ሰኞ የሥራ እረፍቱ እንደሆነ ነገራቸውና አልጫ ጨምሪልኝ አላቸው።

ሰኞ

ሦስታችንም ቤቱን ወደሚያከራየው የቤቶች ማኅበር ቢሮ ሄድን። ጸሐፊዋ አብረው የኖሩበትን ዘመን ጠይቃ የ«ሜደሁርደር»፣ ማለትም የአብሮ ተከራይነት ማመልከቻ ሰጠችን። እኔ በእንግሊዝኛ እረዳለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ እትዬ የሺ ግን በተሰባበረ ሆላንድኛቸው ሁሉንም ራሳቸው መለሱ። ሲፈርሙ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየለቀሙ ነው። ጸሐፊዋ መልሱ በደብዳቤ እንደሚመጣ፣ የሚያሳስብ ነገር እንደሌለውም ነገረቻቸው።

ጀልባዋ ላይ ሊሸኙኝ ወጡ። ውኃው ፀጥ ብሎ ነበር። ሙሽራይቱ ስትመጣ ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኋቸው። ትምጣ፣ ሰፊውን ክፍል ለነሱ እለቅላቸዋለሁ አሉኝ። ምናልባትም የእኅቴ ልጅ ወዳለችበት ወደ ሮተርዳም እሄድ ይሆናል አሉ።

«ታዲያ ውሉ ለምን አስፈለገ?» አልኳቸው።

«ገነትዬ» አሉኝ፣ «ካሁን በኋላ ብቆይም ወድጄ ነው፤ ብሄድም ወድጄ ነው።»

ሙርዋይክ

ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገባሁ። መስኮቱን ከፈትኩና የጥናቴን ሁለተኛ ምዕራፍ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ ከምሬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ደስ እያለኝ ነበር የምጽፈው። እስከዚያ ቀን የሴቶቹን ሥልጣን ስፈልግ የኖርኩት በር በሚዘጋበት ገጽ ላይ ነበር። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ከዚያ በፊት ያሉትን ገጾች እንድመለከት ነው፤ ማን ተጠየቀ፣ ማን ፈረመ፣ ሴቲቱ ቤቱን «ቤቴ» ለማለት የማንን ቸርነት መጠበቅ ነበረባት።

የእትዬ የሺን ቃል በምዕራፉ መደምደሚያ ላይ በትእምርተ ጥቅስ አስገባሁት። ፕሮፌሰሬ ምዕራፉን ወደዱት። ከጥቅሱ አጠገብ ግን በቀይ ቀለም «ከየትኛው ልብ ወለድ ነው? ገጽ?» ብለው ጠየቁ።

በግርጌ ማስታወሻው እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ «ወይዘሮ የሺ፣ አምስተርዳም ኖርድ፣ ጀልባ ላይ።»