እንደተለማመድነው አድርግ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየጊዜው ስናዘዝ ከሌላው ኃጢአቴ ጋር ጠቅልዬ «በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን» እያልኩ አሳለፍኩት። በማወቅ ነው የሠራሁት። አንባቢዬ፣ አንተ ፊቴን አታውቀውም፤ ስለዚህ ለአንተ መንገር ይቀለኛል።

እኔ ታደገ ፊደልን ያለ መምህር የለየሁ ሰው ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ነጋዴ ስኳር የጠቀለለበትን ጋዜጣ እያቃናሁ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ቢቸና ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጬ ማመልከቻ ስጽፍ ቄሱም ባላገሩም ወረፋ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። የእኔን ጽሑፍ ሲያነብ የዳኛው ድምፅ ይለወጣል ይባል ነበር፤ ሐሰት አይደለም። ይህን የምናገረው ለመመካት ብቻ አይደለም። ቸግሮኝ የበደልኩ እንዳይመስልህ ነው። አልቸገረኝም ነበር።

ዓለሙ ከቅኔ ቤት የወጣ ወጣት ነው። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ተወ፤ አግብቶም ከሚስቱ ቤተሰቦች ግቢ ገባ። የሚስቱ አባት እስከ ፋሲካ ደሞዝ ያለው ሥራ ካልያዘ ልጃቸውን እንደሚወስዱበት ቁርጡን ነገሩት። ሚስቱን ትሁንን ይወዳት ነበር፤ ደግሞ አይደብቅም፤ ያኔ እንዲህ ሚስትን መውደድ ያሳፍር ነበር። ሞጣ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ እንደሚፈልግ፣ አለቃውም አመልካቹን ሁሉ ራሱ አስገብቶ እንደሚጠይቅ ሲሰማ ወደ እኔ መጣ።

«አያ ታደገ፣ ከሹም ፊት መቆም አልችልበትም፤ አንተ አዘጋጀኝ» አለኝ።

አዘጋጀሁት። እኔም ላመለክት ቆርጬ ነበርና አብረን ተነሣን። በጉንደ ወይን በኩል በእግር ስንሄድ፣ ባረፍንበት ሁሉ እኔ ሹም ሆኜ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ እጅ ነሥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቆማል። ትችላለህ ወይ ስለው «እችላለሁ» እንዳይል፣ «እኔ ምን አውቄ፤ ጌታዬ ካስተማሩኝ» እንዲል አስጠናሁት። ለሹም የሚቀርብ ሰው ወጉ ይህ ነበር፤ ያስተማርኩትም ከልቤ ነው። አንድ አህያ ነጂ አይቶን፣ «ምን ሰርቆብህ ነው እንዲህ የሚለምንህ?» ብሎ አሾፈ። ዓለሙ እየሳቀ፣ «ሚስቴን ነው የምለምነው» አለው። እስከዚህ ድረስ በደል የለብኝም።

ሞጣ ስንደርስ ቀድሜ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። አለቃው ከሌላ አገር ተሾሞ የመጣ፣ ከረባት ያሠረ ወጣት ነው። አደግድጌ ጎንበስ ስል ፊቱን አጨፈገገ። «ቀና በል፤ ዓይኔን እያየህ ተናገር። እኔ የምፈልገው ጸሐፊ እንጂ አሽከር አይደለም» አለኝ። መቼም እኔ ፈጣን ነኝ። ጋቢዬን ፈትቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ቀና አልኩ፣ የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩ። አስጽፎኝ አየና «ደህና ነው፤ እስቲ የጓደኛህን ደግሞ እንየው» አለኝ። የእኔ ጽሕፈት ደህና ነው። የዓለሙ ግን የብራና መጽሐፍ ነበር የሚመስለው። ይህን ከእኔ በቀር በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም።

ስወጣ ዓለሙ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። ጋቢውን አጥብቆ አደግድጓል፤ ከንፈሩ ያስጠናሁትን ይደጋግማል።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ።

ቀና በል ብለው ይበቃው ነበር። ለምን አላልኩም? ያስተማረው ልጅ በለጠው ተብሎ ቢቸና ሲወራብኝ ታየኝ። ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

«እንደተለማመድነው አድርግ» አልኩት። «እንዲያውም ዝቅ በል። ቀና በል ቢልህ ትሕትናህን ሊፈትን ነውና እንዳትታለል።»

እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

ብዙ አልቆየም። አለቃው ቀና በል ሲለው ዓለሙ ጭራሽ ወደ መሬት ዝቅ ብሏል። መጻፍ ትችላለህ ወይ ሲለው፣ «እኔ ምን አውቄ» ብሏል። ብዕር እንኳ ሳይሰጠው አሰናበተው፤ ሥራውም ለእኔ ሆነ። ዓለሙ ወጥቶ እኔን አቅፎ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ደስታዬን ተካፈለ። እኔም መልሼ አቀፍኩት።

እኔ በዚያ ሥራ አንቱ ተባልኩበት፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እስከ መሆን ደረስኩ። የእሱን ሚስት ግን ፋሲካ ሲያልፍ ወሰዱበት። ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ከረመ። ከዓመታት በኋላ በወባ አልቆ፣ በሰው ተደግፎ ሞጣ እኔ ቤት መጣ፤ ሌላ የሚያርፍበት አልነበረውም። አልጋዬን ለቀቅሁለት። ጎረቤቱ ሁሉ ደግነቴን አወራ፤ እኔም ሲወራ ሰማሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ሲተወው ጠራኝ። «አያ ታደገ፣ አንተ እንደተለማመድነው አድርገህ አልፈሃል። እኔ ስንት ዘመን ባወጣው ባወርደው አልያዝ አለኝ። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት? ደብቀኸኝ ከሆነ ንገረኝ፤ አልቀየምህም» አለኝ።

እግዚአብሔር ከዚህ የተሻለ ጊዜ ሊሰጠኝ ይችል ነበር? እኔ ግን ምን አልኩ? «ድምፅህ አንሶ ይሆናል» አልኩት።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለ። «ትሁንም መናገር የማትችል እያለች ትሰድበኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያ በኋላ በዚያች ሳምንት ዐረፈ። እስኪሞት ድረስ ውኃ ሲጠይቀኝ ድምፁን ከፍ ለማድረግ ይታገል ነበር።

ድምፁ ትንሽ አልነበረም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ አደራህን፣ ይቅር እንዳትለኝ። እሱ ሳያውቅ አመስግኖኝ ሞቷል፤ አንተ ግን አውቀሃል።