ከልጆቹ ጋር የገና ጉንጉን የምትሠራው ቲቸር ብርቄ

አላምንም። እየጻፍኩትም አላምንም።

ጠዋት እህቷ ደወለችልኝና «ብርቄ አረፈች» አለችኝ። ሥራ አልገባም ማለቷ መስሎኝ «ትረፍ፣ ትናንትም ደክሟት ነበር» አልኳት። ከዛ ከኋላዋ ጩኸቱን ሰማሁት።

ትናንት እኮ አብረን ነበርን! ስንለያይ ባጃጅ ውስጥ ገብታ፣ አንገቷን አውጥታ «ሰላሜ፣ ጽዱን እኔ አመጣለሁ፣ ቄጠማው ያንቺ ነው፤ እንዳትረሺ!» ብላኝ ነው የሄደችው። ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። በቃ። ጠዋት አልነቃችም።

ቄጠማው ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ይኸው አጠገቤ አለ።

ለማታውቋት፣ ቲቸር ብርቄ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ባለችው ትንሿ መዋዕለ ሕፃናታችን አስተማሪ ናት። «ነበረች» ማለት አቃተኝ። እኔ ረዳቷ ነኝ።

ገና ሲቃረብ ከልጆቹ ጋር ለየቤታቸው በር የሚሰቀል ጉንጉን ትሠራለች። ቀርከሃ ሰንጥቃ፣ ክብ አድርጋ ታስርላቸዋለች። እነሱ ቄጠማ ይጠመጥሙበታል፣ በየመሃሉ ጽድ ይሰኩበታል፣ ከግቢያችን ዛፍ የለቀሙትን የቁንዶ በርበሬ ቀይ ፍሬ በክር ያስሩበታል። የአራት ዓመት ልጅ ሲጠመጥም እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አንዱ ጉንጉን እንቁላል ይመስላል፣ አንዱ ጆሮ። ላስተካክል እጄን ስሰድ ቸብ ታደርገኛለች።

«ተዪው! ጠማማ ከሆነ ልጅ ሠርቶታል ማለት ነው።»

ይቺን አባባሏን ያልሰማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም።

አንዷ እናት «ይሄ የፈረንጅ ነገር ለልጆቻችን ምን ያደርጋል?» ብላ መጥታ ነበር። ብርቄ ጉንጉኑን አንስታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። «ቅጠሉ የሐዋሳ፣ እጁ የልጅሽ። ፈረንጁ የታለ?» ሴትዮዋ ሳትወድ ሳቀች።

አንድ ዓመት ደግሞ የተሠሩትን ግቢ ውስጥ አጥሩ ላይ ሰቅለን ለምሳ ገባን። ለካስ ዘበኛችን ለበዓል የገዛውን በግ እዛው አስሮታል። ስንወጣ ቄጠማው ሙልጭ ብሎ ተበልቶ ቀርከሃው ብቻ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ባንድ ድምፅ አለቀሱ። እኔም ልነፋረቅ ምንም አልቀረኝ። እሷ ሄዳ በጉ ፊት ቁጢጥ አለችና «ጣፈጠህ?» አለችው። እንባቸው ሳይደርቅ በሳቅ ፈረሱ። ከሰዓት በኋላ ከዜሮ ጀመርን።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ግን የአንዷ ተማሪያችን፣ የሳሮን ነገር ነው። (ስሟን ቀይሬዋለሁ።) አባቷ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይሸጣል። እናቷ ያኔ ዓረብ አገር ነበረች። ሌሎቹ ጉንጉናቸውን እያውለበለቡ ወደ ቤት ሲሄዱ እሷ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች።

«ቤት ወስደሽ በር ላይ ስቀዪው እንጂ» አልኳት።

«እማዬ ስትመጣ ነው የሚሰቀለው።»

መቼ እንደምትመጣ አባትየውም አያውቅም። ብርቄ ግን «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እስክትመጣ እኔ ጋ ይቀመጥ» አለቻት። በራሷ ሻርፕ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው።

ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ፋሲካም አለፈ። ቁም ሳጥኑን ባጸዳሁ ቁጥር «ኧረ ይሄን ነገር እንጣለው፣ ድርቆሽ ሆኗል» እላታለሁ። «የሰው አደራ ነው፣ እንዳትነኪው» ትለኛለች።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ጠዋት፣ ሳሮን የአንዲት ሴት እጅ እየጎተተች ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ቲቸር፣ መጣች!»

ብርቄ ወንበር ላይ ወጥታ ሻርፑን አወረደች። ስትፈታው ግማሹ ቅጠል ረገፈ። እናትየው ግራ ገብቷት ታየናለች።

«ለገና ሠርታልሽ ነው» አለቻት ብርቄ። «አንቺ ሳትመጪ አይሰቀልም ብላ።»

ሴትዮዋ ሻንጣ ተሸክማ ባሕር የተሻገረች ሴት ናት፤ እዛው ሲሚንቶው ላይ ዘፍ አለች።

የዛኑ ቀን ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዘን እነሳሮን ቤት ድረስ ሄደን ሰቀልነው። በክረምት መግቢያ የገና ጉንጉን! መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። ብርቄ ከፊት ሆና የገና መዝሙር ታስጀምረናለች። ዣንጥላ እንኳ አልያዘችም።

ዛሬ ክፍሉ ተዘግቷል። ለወላጆች ደውለን «ልጆቹ ነገ ይምጡ» ብለናል። ልጆቹ ገና አልሰሙም።

ብርቄዬ፣ አሁን ከለቅሶ ቤት መመለሴ ነው። ድንኳኑን አየሁት። ፎቶሽን አየሁት። እናትሽን አቅፌ አለቀስኩ። አሁንም አላምንም።

መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ሰሞን አንቱ ስልሽ «አንቱ አትበይኝ፣ ልጆቹ ማርጀቴን ያውቁብኛል» ብለሽ ተቆጣሽኝ። ሳታረጂ ሄድሽ እኮ።

ልጆቹ ነገ ሲመጡ «ቲቸር ብርቄስ?» ይሉኛል። ለሕፃን ሞት እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። ሁሉን አሳይተሽኝ እሱን ብቻ ሳታሳዪኝ ቀረሽ።

ደህና ሁኚ፣ የኔ እህት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ጎንበስ ብለሽ፣ ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ ሕፃናቱን እንደምትቀበያቸው፣ ጌታ አንቺንም እንደዛው አድርጎ ይቀበልሽ።