ሃሊሞ ለዓለም የቀዳችው ወተት

ሃሊሞን የማያውቅ ሰው ሳቋን ያውቃል። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ቁጭ ብላ አንዴ ከሳቀች ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ባለ ባጃጅ እንኳ ቀና ብሎ «ሃሊሞ ዛሬም አገኘች!» ይላል። ምን እንዳገኘች የሚጠይቅ የለም። ሳቅ ለእሷ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ከመጣ መጣ። ለቅሶ ቤት ገብታ አፏን በሻሿ ጠቅጥቃ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ስትወጣ ያዩ ሰዎች «ምስኪን፣ እንዴት ሆዷ ቢባባ ነው!» ብለውላታል። ባሏ ዐያንሌ ደግሞ «እኔ ያገባሁት ሚስት ነው ሬዲዮ?» እያለ ያሾፍባታል።

የተወለደችው ከሽንሌ ወዲያ፣ ግመል አርቢዎች መሃል ነው። ድሬ የመጣችው ስትዳር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ የግመል ወተት መሸጥ ብቻ ነው። ብቻዋን ግን አትሠራም። ስምንት ሴቶች ናቸው። በየማለዳው ከገጠር በመኪና የሚመጣላቸውን ወተት አንድ ላይ ያደርጉና የዕለቱ ባለተራ ብቻ ገበያ ይዛው ትወጣለች። የዚያን ቀን የተሸጠው በሙሉ የእሷ ነው። ሰባቱ ልጆቻቸውን ያያሉ፣ ሰርግ ይሄዳሉ፣ ወይ እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። በማግስቱ ተራው የሌላዋ ነው። አንዷ ከታመመች ሌላዋ ትሸጥላትና ገቢውን ቤቷ ድረስ ታደርስላታለች። ይህን ያስተማራቸው ባለሙያ የለም፤ እናቶቻቸውም እንዲሁ ነበር የሚሠሩት።

ታዲያ የጣሳው ዱቄት ወተት መጣ። ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ ጣሳው ላይ የምትስቅ ላም ተስሎበት፣ ከእነሱ ወተት ረክሶ ሻይ ቤቱን ሁሉ ሞላው። ዱቄቱ ዓመት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። የእነሱ ወተት ደግሞ እስከ ቀትር ካልተሸጠ የድሬ ፀሐይ ያበላሸዋል፤ ማቀዝቀዣ የላቸውም። ከስምንቱ ሁለቱ «በቃን» ማለት ጀምረዋል። ሁለቱ ከወጡ ተራው ይፈርሳል፤ ተራው ከፈረሰ ደግሞ እያንዳንዷ ጄሪካኗን ተሸክማ ብቻዋን ፀሐይ ላይ ልትሰጣ ነው። ሃሊሞን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይህ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አኒስ መጣ። አኒስ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛውን ሲያወርደው ጆሮ ያማል፣ የሚሠራውም የትናንሽ ነጋዴዎች ማኅበር ውስጥ ነው።

«ስሚ ሃሊሞ፣» አላት፣ «ትላልቆቹ ኩባንያዎች ዓለምን አንድ ሱቅ አድርገው ቁልፉን ኪሳቸው ሊከቱት ነው። ይህን የሚቃወሙ፣ ‹ሌላ መንገድ አለ› የሚሉ ሰዎች አሉ። ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የመንገድ ላይ ሻጭ፣ ከየአገሩ ተሰባስበው ኅብረት ሠርተዋል። ዘንድሮ ስብሰባቸው ድሬ ነው።»

«ሌላው መንገድ ምንድነው?»

«እሱን ለመፈለግ ነው የሚሰበሰቡት።»

«ስንት ዓመት ፈለጉት?»

«ሃያ ምናምን።»

«አቦ! ጠፍቷቸው ነዋ ድሬ የሚመጡት!» ብላ ለቀቀችው ሳቋን። አኒስ እስክትጨርስ ጠበቃት፤ ሌላ አማራጭም አልነበረው። ከዚያ ዋናውን ነገር ነገራት። ኅብረቱ ለአባሎቹ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይሰጣል። አባል ለመሆን ከስምንቱ አንዷ ቆማ ሥራቸውን ታስረዳለች፣ ከዚያ እንግዶቹ እጅ ያወጣሉ። ከግማሽ በላይ ከወጣ ገቡ። ካልወጣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ የለም፣ እሱም ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ አገር ነው።

ሴቶቹ ተሰብስበው መከሩ። አንደበት ያላት ሃሊሞ ናት፣ ይህን ሁሉም ያምናል። የሚያስፈራው ሳቋ ነው። በዕድሜ የምትበልጣቸው ዴቃ እጇን ይዛ አስማለቻት።

«ወላሂ በይ! ፈረንጅ ቢወድቅ፣ ጣሪያ ቢወርድ አልስቅም በይ!»

«ወላሂ አልስቅም፣» አለች ሃሊሞ፣ እየሳቀች።

የስብሰባው ቀን ደግሞ ተራው የራሷ ሆኖ ቁጭ! ተራ አይገፋም። ስለዚህ የስምንቱን ወተት በሁለት ትላልቅ ጄሪካን ይዛ፣ ከዴቃ ጋር ባጃጅ ተሳፍራ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ወዳለው አዳራሽ ሄደች፤ ሐሳቧ ተናግራ ስትጨርስ ገበያ ልትወጣ ነው። አዳራሹ ጥሩ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ነፋሻ ነው። ሽንት ቤቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ግቢው ውስጥ ካዳራሹ በር ፊት ለፊት፣ ከላይ ትንሽ መስኮት ያለው። ይህን ያዙልኝ።

እንግዶቹ ሰላሳ ይሆናሉ። ሰብሳቢው ቁመቱ በር የማያስገባው ብራዚላዊ ነው። ቀይ ፊት ያለው ፈረንሳዊ ድንች ገበሬ አለ። ዓሣ የሚያጠምዱ ፊሊፒናውያን አሉ። ከኋላ ደግሞ ከህንድ በረሃ የመጣች፣ ክንዷ እስከ ብብቷ አምባር የሞላ፣ ኬሳር የምትባል ሴት ዝም ብላ ተቀምጣለች። ጠዋቱን በሙሉ ኩባንያዎቹ የድሃውን ገበያ እንዴት እንደሚያጥለቀልቁት ሲናገሩ አረፈዱ። አኒስ ይተረጉማል፣ ሃሊሞ ራሷን ትነቀንቃለች። እውነት ነው የሚሉት።

ከዚያ ሻይ እረፍት ሆነ። ሃሊሞ ወደ ጠረጴዛው ስትጠጋ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ጣሳው! የምትስቀው ላም! ሲያወግዙት ያረፈዱትን ዱቄት ሻያቸው ውስጥ እያማሰሉ ነው።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለች ወገቧን ይዛ። «ዴቃ፣ አምጪ ጄሪካኑን!»

ሻዩ ወደ ጎን ተገፋ። ወተቱ ዕቃው በእንጨት ጭስ የታጠነ፣ ጠዋት የታለበ፣ አረፋው ገና ያልሞተ ነው። ትልልቅ ኩባያ ሞላችላቸው። ብራዚላዊው ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጨለጠው። ሌሎቹም ጨለጡት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ። በእነሱ አገር ጨዋ እንግዳ የቀረበለትን አያስተርፍም። በሃሊሞ አገር ደግሞ ኩባያውን ባዶ ያደረገ «ጨምሩልኝ» ማለቱ ነው፤ የበቃው ሰው ትንሽ ያስተርፍና መዳፉን ይከድንበታል። ስለዚህ እነሱ ይጨልጣሉ፣ እሷ ትሞላለች። ለጨዋነት ይጨልጣሉ፣ ለጨዋነት ትሞላለች። ማንም ማንንም አላሸነፈም፤ ያለቀው ወተቱ ነው። ከሁለተኛው ጄሪካን ሥር ትንሽ ብቻ ቀረች።

አኒስ የተበላሸ ማይክ ሲያሠራ ቆይቶ መጣና ባዶውን ጄሪካን አየ። እሱ የድሬ ልጅ ነው። ሃሊሞ የምትሸጠው ለለመደ ሰው ብቻ ስለሆነ አላሰበችውም፤ እሱ ግን የግመል ወተት ላልለመደው ሆድ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

«ሃሊሞ፣ ስንት ስንት ጠጡ?»

«ሁለትም ሦስትም። እንዴት እንደወደዱት!»

አኒስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አለቅን፣» አለ።

ስብሰባው ቀጠለ፣ ሃሊሞ መድረክ ወጣች። «እኛ ስምንት ሴቶች ነን፣» ብላ ጀመረች። አኒስ ተረጎመ። «ወተታችንን አንድ ላይ እናደርጋለን...» ስትል ብራዚላዊው ሆዱን ያዘ። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ ከበሩ ካለፈ በኋላ ግን ሲሮጥ ኮቴው ይሰማል። ቀጥሎ አንዱ ፊሊፒናዊ ወጣ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው። ፈረንሳዊው ለጨዋነት ሲል ላቡ እስኪንቆረቆር ቻለ፣ ቻለ፣ ከዚያ ኩባያውን እንደያዘ ተፈተለከ። የኬሳር አስተርጓሚ ሳይቀር ሮጠ። ግቢው ውስጥ ተሰልፈው በየቋንቋቸው ሲለማመጡ ይሰማል።

ሃሊሞ ከንፈሯን ነከሰች። መሐላዋ አለ፣ ማቀዝቀዣው አለ፣ ተራው አለ። በገዛ እጇ ገደል ስለከተተችው ልቧ እየደማ ነበር፤ ሳቁ ግን ልብ አያውቅም፣ ከሆዷ እየወጣ ጉሮሮዋ ደረሰ። ዴቃ ከታች ሆና ጣቷን ትቀስርባታለች። አኒስ ለባዶ ወንበር መተርጎሙን ቀጥሏል፣ ምስኪን።

አንድ ሰው ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም። ኬሳር ናት። ባዶ ኩባያዋን ወደ ሃሊሞ ዘርግታ «እህስ?» በሚል ዓይን ታያታለች።

ሃሊሞ ፈነዳች። መሐላው ቀረ። መድረኩን ይዛ ሳቀች፣ ተቀምጣ ሳቀች። ኬሳር መጀመሪያ አየቻት፣ ከዚያ ባዶዎቹን ወንበሮች አየች፣ ከዚያ እሷም አምባሮቿን እያንቃጨለች ሳቀች። የቀረችውን ወተት ቀዱና ተካፈሉ። አስተርጓሚ የለም። ኬሳር ወደ ራሷ ጠቆመችና አንገቷን አሰገገች፣ የታች ከንፈሯን ጣለች፣ አገሳች። ግመል! ቁርጥ ግመል! ሃሊሞ መለሰችላት። ከዚያ ኬሳር በአንድ እግሯ ቆመች፣ ሌላውን አጥፋ ባቷን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች፣ ኩባያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አየር ማለብ ጀመረች።

ግመል ማለብ እነ ሃሊሞ ዘንድ የወንድ ሥራ ነው። ሃሊሞ ግን በልጅነቷ ወንድሞቿ ዘወር ሲሉ ተደብቃ ታልብ ነበር፤ ይህን ለዐያንሌም ነግራው አታውቅም። ኬሳርም ከማን ተደብቃ እንደተማረችው እንጃ። ሃሊሞ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከጎኗ በአንድ እግሯ ቆመች።

እንግዶቹ አንድ በአንድ፣ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ግድግዳ እየተደገፉ ሲመለሱ ያገኙት ይህንን ነው፤ ሁለት ሴቶች በአንድ እግር ቆመው የሌለች ግመል ሲያልቡ። መጀመሪያ ብራዚላዊው ሳቀ። ሳቁ ሆዱን ስላመመው ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ሃሊሞ ዓይኗን ጠራርጋ ስምንት ባዶ ኩባያ ደረደረች። ወተት እንዳለባቸው ሁሉ ሰባቱን ወደ አንዱ ገለበጠችና ወደ ራሷ ጠቆመች።

«ዛሬ ተራው የኔ ነው፣» አለች። «የጠጣችሁት የስምንታችንን ነው። ነገ የዴቃ ነው። ከነገ ወዲያ የሌላዋ። እናንተ ሃያ ዓመት የፈለጋችሁትን አላውቅም፤ እኛ ያለን ይኸው ነው፣ እሱም ሊፈርስብን ነው።» አኒስ ተረጎመ።

ብራዚላዊው ተነሥቶ «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አለ። የኬሳር እጅ ከነአምባሩ እየተንቃጨለ ቀድሞ ወጣ። ሌሎች እጆችም ወጡ። ግን ገሚሶቹ ቂም ይሁን አቅም ማጣት፣ ሆዳቸውን እንዳቀፉ ቀሩ። አኒስ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ልክ ግማሽ ሆነ። አንድ እጅ ጎደለ! ዴቃ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ጀመረች። ሃሊሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ ጠፋ፤ ስምንቱ ጄሪካን በየፀሐዩ ተበትነው ታዩዋት።

ያን ጊዜ አኒስ በበሩ በኩል ወደ ግቢው አየና ጮኸ።

ከሽንት ቤቱ ትንሽ መስኮት አንድ ቀይ ክንድ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ፈረንሳዊው ነው፤ የሽንት ቤቱ ተራ መጨረሻ የደረሰው ለእሱ ነበር። ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቷል። የሮጠው ኩባያውን ይዞ ስለነበር፣ እጁን ሲያወጣ ባዶውን ኩባያ እንደጨበጠ ከፍ አደረገው።

«ተቆጠረ!» አለ ብራዚላዊው። «ገብታችኋል!»

አዳራሹ ተናወጠ። ዴቃ እልል አለች፣ ኬሳር ሃሊሞን አቅፋ ከመሬት አነሣቻት። ሃሊሞ ግን በእንባዋ መሃል ዓይኗን ከዚያች መስኮት አልነቀለችም።

«ዴቃ፣» አለች፣ «ባዶ ኩባያ እኮ ነው። ጨምሪልኝ እያለ ነው!»

«በአላህ ይዤሻለሁ፣» አለች ዴቃ ባዶውን ጄሪካን ከኋላዋ እየደበቀች፣ «ነገ ተራው የኔ ነው፤ የሚቀዳ ካለ እኔ እቀዳለታለሁ።»