ረጅም ጸሎት የሚችል ኬክ

ወላይታ ሶዶ አንድ ኬክ ቤት ተቀጥሬ የገባሁ ዕለት ኬክ አልነካሁም። ባለቤቱ አቶ ሰይፉ በጓሮ በር አስገቡኝና የክሬምና የእንቁላል መምቻ ጎድጓዳ ሳህኖች የተከመሩበትን ገንዳ አሳዩኝ። «ቅባት የቀረበት ሳህን ላይ የእንቁላል ነጭ አይነሳም። አንቺ በደንብ ካላጠብሽ እኔ ኬክ የለኝም» አሉኝ። ሳህኖቹን በሙቅ ውሃና በሎሚ አሸኋቸው። ማታ መጥተው ጣታቸውን በአንዱ ሳህን ዙሪያ አሳለፉና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ዝም ካሉ ወደዱት ማለት እንደሆነ የነገሩኝ ሌሎቹ ሠራተኞች ናቸው።

በዚያ ቤት ከዕቃ አጣቢነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ክሬም ቀቢነት፣ ከዚያም ወደ ምድጃው ይታለፋል። ሁሉንም አልፌበታለሁ። ስፖንጅ የሚባለውን ለስላሳ ኬክ መጋገር፣ በክር ስስ አድርጎ መሰንጠቅ፣ ሽሮፕ ማጠጣት፣ ክሬሙን ጎርበጥ ሳይል ማስተካከል የለመድኩት እዚያ ነው። እጄ ፈጣንም ንጹሕም ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ጎበዝ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሌላ ከተማ ተመድባ የመጣች ሐኪም ለልጇ ልደት የአይስክሬም ኬክ ልታዝ መጣች። አቶ ሰይፉ «አንሠራም» ብለው ሸኟት።

«ጋሼ፣ ማቀዝቀዣ አለን፣ ክሬም አለን። ለምን አንሠራም?» አልኳቸው።

«አስቴር፣ እኛ አገር ኬክ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ መቼ ነው የሚበላው?» አሉኝ። «መጀመሪያ መዘምራን ይዘምራሉ። ከዚያ ሽማግሌ ይመክራል። ከዚያ ጸሎት አለ። አይስክሬም ይህን ሁሉ ይችላል?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እውነታቸውን ነበርና። እኔን ግን ነገሩ እልህ ውስጥ ከተተኝ።

ከወለድኩ በኋላ ኬክ ቤቱን ትቼ ቤቴ መሥራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ኤልያስ መምህር ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ከሳሎኑ ወንበር አንዱን አስወጥተን በቦታው ዲፕ ፍሪዝ አስገባን። እንግዳ ሲመጣ እሱ ላይ እንዳይቀመጥ መከልከል የኤልያስ ሥራ ሆነ።

የአይስክሬም ኬክ ብልሃቱ መደርደሩ ላይ ነው። ጎኑ የሚፈታ የኬክ መጋገሪያ እወስዳለሁ። ከታች የተፈጨ ብስኩት በቀለጠ ቅቤና ከቦምቤ አካባቢ በሚመጣ ደረቅ ዝንጅብል ለውሼ አጥብቄ እጠቀጥቃለሁ። በላዩ ክሬምና የጣሳ ጣፋጭ ወተት መትቼ ከሙዝ ጋር አፈስበታለሁ፤ ቀጥሎ የማንጎው፣ ቀጥሎ የአቮካዶው። አንዱ በጣት ተነክቶ ድንጋይ ሳይሆን ሌላው አይፈስበትም። የቸኮለች ሴት ኬክ ሲቆረጥ ሦስቱም ተዋውጠው የሳሙና አረፋ ይመስላል።

መብራት ሲሄድ ፍሪዙን በብርድ ልብስ እሸፍነዋለሁ፤ ክዳኑን ግን ማንም አይነካም። ሰው «ቀልጦ ይሆን እንዴ?» ብሎ ከፍቶ ሲያይ ነው የሚቀልጠው።

የመጀመሪያው ትልቅ ትዕዛዜ አረካ ከተማ ለአንድ ቀለበት ነበር። ኬኩ አምሮ ደረሰ፤ ጠረጴዛው ላይም አምሮ ወጣ። ከዚያ መዘምራኑ ተነሡ። ሰባኪው ስለ ሩት አስተማሩ። ለሁለቱም ቤተሰብ ተጸለየ። ማንጎው ቀስ ብሎ ወደ ሙሽራው በኩል መንሸራተት ሲጀምር በዓይኔ አየሁት። «አሜን» ሲባል የሙሽራዋ አክስት አንዴ ኬኩን፣ አንዴ እኔን አዩና ብርጭቆ ይዘው መጡ።

«ጁስ ነው እኮ! በደንብ ይጣፍጣል፣ ጠጡ» አሉ።

ሰው እየሳቀ ጠጣው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስደርስ ግን አለቀስኩ፤ አቶ ሰይፉ ያሉት ነገር በአደባባይ ደርሶብኛል።

«ከጸሎቱ በኋላ ይውጣ በያቸው» አለኝ ኤልያስ።

«አንተ የቀረበልህን ሳታይ ትባርካለህ?»

እኛ ጋ የሚባረከው ነገር ፊት ለፊት ይቀርባል። ጓዳ ተደብቆ የቀረ ምግብ ላይ የሚጸልይ ሽማግሌ አላውቅም። «ጸሎቱ ይጠር» ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም። የቀረኝ ኬኩን መለወጥ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ስኳሩን ቀነስኩ፤ ስኳር የበዛበት አይስክሬም ቶሎ ይላላል። ቀጥሎ ሁለት ትሪ አነባበርኩና በመሃላቸው ጨው የበዛበት ውሃ አፍስሼ አብሬ አቀዘቀዝኩት። ጨዋማ በረዶ ከተራው በረዶ ይልቅ ይበርዳል፤ ኬኩ እሱ ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ስስ ስፖንጅ ሰንጥቄ አይስክሬሙን ከላይም ከጎንም አለበስኩት። ስፖንጅ በውስጡ አየር ስላለ እንደ ጋቢ ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ አያስገባም።

ከዚያ መፈተን ነበረበት። ኬኩን ሳሎን አወጣሁና ኤልያስን «ጸልይ» አልኩት።

«ለማን?»

«ቀለበት ላይ እንዳለህ አድርገህ ጸልይ። ምንም እንዳታስቀር።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በኬክ ምክንያት እግዚአብሔርን ላስቸግር?»

«አታስቸግር። ለጎረቤቱ ሁሉ ጸልይ፤ የሚያስፈልጋቸው አሉ።»

ጸለየ። በዚያ ሳምንት ያልተጸለየለት የሰፈራችን ሰው የለም። ኬኩ የመጀመሪያው ቀን አጋደለ፤ የሚቀጥለው ጊዜ ጎኑ ብቻ ላበው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በዚህ መሃል ምሕረት የምትባል መምህርት ከገሱባ ከተማ ኬክ ልታዝ መጣች። አባቷ ወንጌላዊ ዳልኬ ለረጅም ጊዜ ታመው፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው፣ ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ልጆቻቸው የምስጋና ፕሮግራም እያዘጋጁ ነው።

«ሆስፒታል ሳለ ምግብ ሁሉ አልወርድ ብሎት ነበር» አለችኝ። «የዋጠው አይስክሬም ብቻ ነው። በማንኪያ ጫፍ እየሰጠሁ ነው ያተረፍኩት። እና እንግዳው ሁሉ እሱን እንዲበላ እፈልጋለሁ። ጁስ እንዳይሆንብኝ፣ እባክሽ።»

የአረካው ወሬ ገሱባ ደርሷል ማለት ነው። «ጁስ አይሆንም» አልኳት። አፌ ደፈረ እንጂ ፈርቼ ነበር። ልጅቱ የምትፈልገው ኬክ ብቻ አልነበረም፤ አባቷን ያተረፈላትን ነገር ዘመድ ፊት ማቅረብ ነበር። እሱን ማበላሸት በቀላሉ የሚረሳ አይደለም።

የእንጨት ሣጥን አሠርቼ ውስጡን በፎም አለበስኩ፤ በላዩ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ደራረብኩበት። የገሱባን መንገድ የሄደ ያውቀዋል። ሾፌሩን ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ቀስ!» እያልኩ አስመረርኩት።

ግቢው ድንኳን ተተክሎበታል። ዳቦውን ያቀረቡት አቶ ሰይፉ ኖረዋል፤ የቤተሰቡ ወዳጅ ናቸው። ሣጥኑን ሲያዩ ጠጋ አሉኝ።

«አስቴር፣ አይስክሬም ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ወንጌላዊ ዳልኬ ሲጸልዩ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልሰማሁም።»

«ማንንም አይዘሉም» አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

መድረክ መሪው «ኬኩ ይቅረብ» አለ። ከነትሪው አወጣሁት። ምሕረት ሮጣ መጥታ በጆሮዬ «አባዬን አሳጥር ልበለው?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር።

ወንጌላዊ ዳልኬ በከዘራ ተደግፈው እየተነሡ ነበር። ሞትን አይተው የተመለሱ ሰው ናቸው። «በፍጹም እንዳትነግሪያቸው። እንደ ልባቸው ይጸልዩ» አልኳት።

በወላይትኛ ጀመሩ። ያከሟቸውን ሐኪሞች አመሰገኑ። ደም የሰጧቸውን ወጣቶች፣ ሌሊት የነዳውን ሾፌር፣ የሆስፒታሉን ወለል የምትወለውለውን ሴት አልረሱም። በወጣትነታቸው ወንጌል ይዘው የሄዱባቸውን መንደሮች አንድ በአንድ ጠሩ። ባለቤታቸውን ሲያነሡ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። የኬኩ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ወጣች፤ ወርዳ ትሪው ላይ ስትደርስ መልሳ በረደች። ሽማግሌው ትንፋሽ ሲወስዱ «አሁን አበቃ» አልኩ በልቤ። የቦምቤን ምእመናን አስታወሱ።

በመጨረሻ «አሜን» ተባለ።

ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቆረጥኩ። ቁራሹ ሳህኑ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከታች ብስኩቱ፣ ከዚያ ነጩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ። ምሕረት ሳህኑን ወስዳ ለአባቷ ያዘችላቸው። ቀመሱ።

«ይኸው ነው» አሉ። «ያን ጊዜ ጉሮሮዬ የተቀበለው ይኸው ነው። ማነው የሠራው?»

ምሕረት እኔን አሳየቻቸው። ሳህኑን አስቀመጡና «ነይ ልጄ፣ እጅሽን ልባርክ» አሉኝ። አንዴ «ጋላታይስ» ብለው አመስግነውኝ የሚያበቁ መስሎኝ ነበር። እጆቼን ይዘው እንደገና ጸሎት ጀመሩ። የቀረው ኬክ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንግዳው ገና አልበላም። ያን ጊዜ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ኬኬን አውቀዋለሁ።

ስገልጥ ቆሞ ነበር። ለሁሉም ደረሰ፤ ብርጭቆ ያመጣም የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አቶ ሰይፉ የድርሻቸውን ጨርሰው ትሪውን ከሥር አገላብጠው አዩት። «ጨው ነው?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። «ስፖንጁን ምን ያህል አሳሳሽው?» በጣቴ አሳየኋቸው። ሰኞ ዕለት ኬክ ቤታቸው ሄጄ ለሠራተኞቻቸው አሠራሩን አስተማርኩ።

አሁን ሙያውን ሊማሩ ቤቴ የሚመጡ ሴቶች አሉ። ትዕዛዝ ስቀበል ይሰሙኛል፤ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚጸልየው ማን እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ማንጎውና ስለ ቀለሙ የምናወራው። ደንበኛ ጸሎቱን ለኬክ አያሳጥርም፤ እንዲያሳጥርም አይጠየቅም። ጸሎቱ እስኪያልቅ የሚቆም ኬክ መሥራት የሠሪዋ ሥራ ነው።